አውሮፕላኑ ሄዶ ወታደሩ የቀረበት ባሲንግቦርን

ብሪታንያ ውስጥ አንድ የአየር ኃይል ጣቢያ ሲዘጋ፣ ብዙ ጊዜ ቁልፉን የሚረከበው ምድር ጦሩ ነው። ኪንሎስ፣ ኮትስሞርና ዋተርቢች ሁሉ በዚህ መንገድ አልፈዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ከካምብሪጅ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሮይስተን ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ባሲንግቦርንን ማየት ይበቃል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1938 ነው። ጊዜው ጀርመን የምትታጠቅበት፣ ብሪታንያም አየር ኃይሏን በጥድፊያ የምታስፋፋበት ነበር። ግንባታው ግን የጥድፊያ ሥራ አይመስልም። የጡብ መኝታ ቤቶች፣ የመኮንኖች ክበብ፣ የሰልፍ ሜዳና ግዙፍ ሃንጋሮች ተሠሩ። ማኮብኮቢያው ግን ሣር ነበር፤ ኮንክሪት የፈሰሰበት ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ለሰው የተሠራው ለአውሮፕላን ከተሠራው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ጡቡ የአሜሪካኖቹንም ልብ ሳበ። በ1942 የመጣው 91ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን መጀመሪያ የተመደበው ኪምቦልተን ነበር፤ ማኮብኮቢያው ግን ከባዶቹን ቢ-17 አውሮፕላኖች የሚችል አልሆነም። አዛዡ ኮሎኔል ስታንሊ ሬይ ባሲንግቦርንን እንዲያዩ ሲላኩ፣ ሕንፃዎቹን ከማየታቸው ፈቃድ እንኳ ሳይጠብቁ ሰዎቻቸውን ጭነው ገቡ ይባላል። በጥቅምት ወር ነበር።

ምቾቱ ግን መሬት ላይ ብቻ ነበር። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከዚህ ሜዳ ከተነሡት ቢ-17ዎች ወደ 200 የሚጠጉት አልተመለሱም፤ አንዱ አውሮፕላን ደግሞ በተለምዶ አሥር ሰው ይይዛል። ዝነኛዋ ሜምፊስ ቤል የዚሁ ቡድን ነበረች። ሠራተኞቿ በግንቦት 1943 ሃያ አምስተኛ ግዳጃቸውን ፈጽመው በሕይወት ሲመለሱ፣ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛና ንግሥቲቱ እዚሁ ድረስ መጥተው ጎበኟቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ብሪታንያውያን የካንቤራ ጄት አብራሪዎችን እስከ 1969 ድረስ አሠለጠኑበት። በማግስቱ ዓመት ምድር ጦሩ ገባ። ለምልምል ማሠልጠኛ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሠርቶ ጠበቀው፤ መኝታውና ወጥ ቤቱ አለ፣ ሃንጋሩ ተሽከርካሪ ያስገባል፣ የታጠረው ሰፊ ሜዳ ለሩጫና ለልምምድ ይሆናል። ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክም “ፉል ሜታል ጃኬት” በተሰኘው ፊልሙ ሰፈሩን የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ማሠልጠኛ አስመስሎ ቀርጾበታል።

የምልምሎች ሥልጠና በ2012 ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጡት ወደ 300 የሚሆኑ የሊቢያ ሠልጣኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ካምብሪጅ ውስጥ በፈጸሙት ወሲባዊ ጥቃት ተከሰው ስለነበር ሥልጠናው ሳያልቅ ተቋረጠ። እኔ እንደሚመስለኝ በሰፈሩ ታሪክ እጅግ አሳፋሪው ምዕራፍ ይህ ነው። በኋላ ግን ወደ ውጭ ግዳጅ የሚሄዱ ወታደሮች የሚዘጋጁበት ሆኖ ዳግመኛ ተከፈተ።

የዋተርቢች ዕጣ የተለየ ሆነ። ምድር ጦሩ በ2013 ለቅቆት ወጣ፤ መሬቱም እስከ 6,500 ቤቶች ለሚይዝ አዲስ ከተማ ተመደበ።