ለእናቲቱም አልጋ

ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሊረዳን የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማሞቂያ ነው። ማሞቂያው ያስፈልገናል፤ የእናቲቱ አልጋ ግን አብሮ ይታሰብልኝ።

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው ተወለደ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል፤ ከ10 አንዱ መሆኑ ነው። ከቆዳቸው ሥር በቂ ስብ ስለሌላቸው ቶሎ ይበርዳቸዋል፤ ሳንባቸው ገና ነው፤ ጡት ስቦ ለመዋጥም አቅም ያጥራቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የቦጎታው ሐኪም ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አደረጉ። የካንጋሮ እንክብካቤ የመጣው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ሞክረውት፣ ገና ከጅምሩ የታቀፉት ሕፃናት ይበልጥ በሕይወት መትረፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ ይላል።

ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ይለብሳል። እግሮቹን እንደ እንቁራሪት አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በእናቱ ጡቶች መካከል ይሆናል፤ በነጠላ ጠበቅ አድርገን እናስረዋለን። ትንፋሹ ቆም እያለ ሲያስደነግጠን የዋለ ልጅ እዚያ ሲረጋጋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን ያህል ሰዓት ግን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይታቀፍም። ከገጠር የመጣች አራስ፣ እሷ ድና ካርዷ ተዘግቶ፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፋ ስታድር አግኝቻታለሁ። «ሲስተር፣ ልጄ ገና ጡት አልያዘም፤ የት ልሂድ?» አለችኝ። ያልበላችና ያልተኛች እናት ወተቷ ሊቀንስ ይችላል፤ ወተቱ ደግሞ የልጁ ሕክምና ነው።

አባትም ማቀፍ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን ግን ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። የእናቲቱ 90 ቀንም ሆስፒታል ውስጥ ሳለች ይቆጠራል። ብሪታንያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ልጃቸው ተኝቶ ለሚታከም ወላጆች እስከ 12 ሳምንት ተጨማሪ ፈቃድ ትሰጣለች። እኛም ቢያንስ ሆስፒታል ውስጥ ያለፈውን ቀን ልንተካላቸው ይገባል።

ኖቬምበር 17 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቀን ነው፤ ምልክቱም ሐምራዊ ቀለም። ዕለቱ ሲከበር የአልጋውና የፈቃዱ ጥያቄ ይነሣልኝ። እስከዚያው፣ ልጁ ይተርፍ እንደሆነ ባለማወቅ ከመጠየቅ የምትቀሩ ዘመዶች፣ አትቅሩ። እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሏት፤ አጥሚቱን በፔርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ ቤት የቀሩትን ልጆች ያዙላት።