ስንት ሰዓት ነው? ስንት ሰዓትስ ፈጀ?

ካርቲየ 4 ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ «በስንት ሰዓት ጀመርክ? ስንት ሰዓትስ ሠራህ?» ቢባል ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሊመስሉት ይችላሉ። አንድ አይደሉም እኮ!

እኛ ሐበሾች ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። የጂቡቲ ቢሮዎች ደግሞ እንደ ፈረንሳዮቹ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። ስለዚህ «8 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ ለቢሮው ጠዋት ነው፤ ለእኛ ግን ከምሳ በኋላ። ከአሊ አዴ ወይም ከሆልሆል ካምፕ ለዚሁ ብሎ የመጣ ሰው በ6 ሰዓት ልዩነት ቀጠሮው ያልፈዋል። የፈጀ ጊዜ ግን እንዲህ አይምታታም። በሐበሻ ከ2 እስከ 4፣ በፈረንጅ ከ8 እስከ 10፣ ሁለቱም ያው 2 ሰዓት ነው።

ኮምፒውተርስ? ፕሮግራም ምን እንደሠራና መቼ እንደሠራ የሚመዘግብበት ፋይል ሎግ ይባላል። ብዙ ኮምፒውተሮች በውስጣቸው የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቆጠራው መነሻ ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። ጂቡቲም ኢትዮጵያም ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማሉ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሥራ 5025 ሰከንድ ፈጀ እንበል። ጀማሪው ይህን ቁጥር ሰዓትና ቀን ለሚያሳየው ትእዛዝ ቢሰጠው፣ በጂቡቲ ሰዓት የተሞላው ኮምፒውተር የ1970 ሌሊት መስሎት 3 ሰዓት ይጨምርበታል፤ 04:23:45 ይላል። በሰዓት የሚያስከፍል ኢንተርኔት ቤት ቢሆን ተማሪው ያልተጠቀመበትን 3 ሰዓት ሊከፍል ነው!

መፍትሔው ተራ ማካፈል ነው፦

1ኛ. 5025 ለ3600 ሲካፈል 1 ሰዓት ደርሶ 1425 ይተርፋል።
2ኛ. 1425 ለ60 ሲካፈል 23 ደቂቃ ደርሶ 45 ሰከንድ ይተርፋል።
3ኛ. ከ10 በታች ለሆነ ቁጥር በፊቱ ዜሮ ይጨመራል፤ 01:23:45 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የሎጉ መስመሮች እኩል ይሰለፋሉ።

ሥራው ከ24 ሰዓት ቢያልፍም ወደ ዜሮ አይመለስም። 30 ሰዓት 30 ተብሎ ይጻፍ፣ ወይም 1 ቀን ከ6 ሰዓት።

እንግዲህ ሎግ ስትጽፉ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። የቀጠሮ ወረቀት ስትቀበሉም «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ለልምምድ፦ 9130 ሰከንድ ስንት ይሆናል? 02:32:10 ካላችሁ ገብቷችኋል።