በባዕድ አገር የኖረ የዜማ ሰው

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በባዕድ ምድር ሲኖር ሁለት ፈተናዎች ያገኙታል። አንደኛው የወላጆቹን ሁሉ ረስቶ የሰው ጥላ ሆኖ መቅረት ነው፤ ሁለተኛውም ካስጠለለው ሕዝብ ምንም ላለመማር ልቡን መዝጋት ነው። ዛሬ ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር የሸኙ ወላጆች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ከሁለቱም ፈተና ያመለጠውን የጀርመናዊውን የሙዚቃ ሊቅ የጌኦርግ ፍሪድሪክ ሄንድልን ኑሮ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመናቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሄንድል በ1685 ዓ.ም. ሐሌ በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሕግ እንዲማርላቸው ይመኙ ነበር፤ እርሱ ግን ዜማን መረጠ። በሃምቡርግና በኢጣልያ ሙያውን ካደረጀ በኋላ በ1712 ዓ.ም. ኑሮውን በለንደን አደረገ፤ በ1727 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዜግነት ተቀበለ።

ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ 36 ዓመት የኖረው በብሩክ መንገድ በተከራየው በአንድ ቤት ነው። ዘፋኞቹን የሚያለማምደው በዚያው ነበር። መልካም ማዕድ ይወድ ነበር፤ ሥዕልም ስለሚወድ ከ80 የሚበልጡ ሥዕሎች ሰብስቦ ነበር። በጨዋታው እንግሊዝኛ፥ ጀርመንኛ፥ ኢጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ስለሚቀላቅል፥ ቀልዱን አጣጥሞ ለመሳቅ አራቱን ቋንቋዎች ማወቅ ያስፈልግ ነበር ይባላል። ድርሰቱም እንደ ንግግሩ ነበር፤ ከኢጣልያ የዜማን ጣዕም፥ ከአገሩ የኦርጋን ጥበብን፥ ከእንግሊዝ የመዘምራንን ኅብረት አስማምቶ ይዟል። የለንደን ሕዝብ የኢጣልያንኛውን የመድረክ ዜማ በሰለቸ ጊዜም ተስፋ ሳይቆርጥ፥ የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ በእንግሊዝኛ ወደ ማዜም ተመለሰ።

ወገኑን ግን አልረሳም። በ1729 ዓ.ም. ወደ ሐሌ ተጉዞ እናቱን ጠየቀ፤ እርሳቸውም በተከታዩ ዓመት በ1730 አረፉ። እርሱ ሚስት ስላላገባ ከሀብቱ የሚበዛውን በጀርመን ለነበረችው ለእኅቱ ልጅ ተናዘዘ።

ያስጠለለውንም ምድር ያለ ዋጋ አልተወም። በ1741 ዓ.ም. በ24 ቀን የደረሰው «መሲሕ» የተባለው ድርሰት በሚያዝያ 1742 ዓ.ም. በደብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ፥ ገቢው ለሁለት የሕሙማን መርጃዎችና በዕዳ ለታሰሩ ድኆች ተከፈለ፤ በዚህም 142 እስረኞች ነፃ ወጡ። ከ1750 ዓ.ም. ጀምሮም ይኸው ድርሰት በየዓመቱ በለንደን ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ጥቅም ይሰማ ነበር። በስተ እርጅናው ዓይኑ ቢጠፋም ኦርጋን መምታቱን አልተወም። በሚያዝያ 14 ቀን 1759 ዓ.ም.፥ በምዕራባውያን ዘንድ ቀዳም ሥዑር በሆነበት ዕለት ዐረፈ።

ሄንድል በእምነቱ የሉተር ተከታይ ነበረ፤ ኦርጋኑም ከከበሯችንና ከጸናጽላችን የተለየ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን እንከተል አንልም። ነገር ግን ስደተኛ ሆኖ ሳለ ለእስረኛና ወላጅ ለሌለው ሕፃን ያሰበ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። እንግዲህ ወላጆች ልጆቻችሁን ስትሸኙ፥ የባዕዱን ጥበብ እንዲማሩ፥ የእናታቸውን ደጅ እንዳይረሱ፥ በሚኖሩበትም አገር ለተቸገረ ሰው እጃቸውን እንዲዘረጉ አደራ በሏቸው። ከስንቅ ሁሉ የሚበልጠው ስንቅ ይህ ነውና።