የጃቫ ፕሮግራሞች ለመነሣት ለምን ይዘገያሉ?

አንድ ፕሮግራም ፈጣን ነው ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ እንዲነሣ ከታዘዘበት ቅጽበት አንሥቶ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማስተናገድ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚያልፍ ሌላ ጊዜም አለ። በጃቫ የተጻፉ ሰፋፊ ፕሮግራሞች በዚህ በመነሻ ጊዜያቸው ለብዙ ዓመታት ሲወቀሱ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የመዘግየቱን መንሥኤ፣ በተለይም «ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን» የተባለው አሠራር በመዘግየቱ ውስጥ ያለውን ድርሻና የተገኙለትን መፍትሔዎች እንመለከታለን።

አቅራቢው ማን ነው?

የጃቫ ፕሮግራም ክላስ ከሚባሉ ክፍሎች ይገነባል። አንዱ ክፍል ሥራውን ለማከናወን ሌላውን ይፈልጋል። ለምሳሌ የተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያሰላ ክላስ፣ ውጤቱን ከዳታቤዝ የሚያነብለት ሌላ ክላስ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ራሱ የሚፈጥረው ከሆነ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ አንዱን ለይቶ መፈተሽም ሆነ በሌላ መተካት ያስቸግራል።

ነገሩን በድግስ ብንመስለው ይቀለናል። እንጀራ ጋጋሪዋ ጤፉን ራሷ ትግዛ፣ ማገዶውንም ራሷ ታምጣ ብንል ሥራው ይደናቀፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያስፈልገውን የሚያቀርብ አስተናባሪ ይመደባል። በፕሮግራም ውስጥ የአስተናባሪነቱን ሥራ የሚሠራው ማዕቀፍ፣ ማለትም ፍሬምወርክ ነው። ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ይህ አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን በሚለው ስም በሰፊው ታወቀ። ስፕሪንግ የተባለው ማዕቀፍ የመጀመሪያ እትም በዚያው ዓመት ወጣ፤ የጉግል ጉስ ደግሞ በ2007 ተከተለ።

ጊዜው የት ይሄዳል?

የቀድሞዎቹ ማዕቀፎች ዝግጅታቸውን የሚያካሂዱት ፕሮግራሙ በሚነሣበት ሰዓት ነው። አስተናባሪው በድግሱ ዕለት ማለዳ እየዞረ «አንተ ምን ያስፈልግሃል? አንቺስ?» እያለ እንደሚጠይቅ ማለት ነው። ለምሳሌ ስፕሪንግ በተለምዶ አሠራሩ አስቀድሞ የክላስ ፋይሎችን እያሰሰ ምልክት የተደረገባቸውን ይለያል። ቀጥሎ የትኛው ክፍል የትኛውን እንደሚፈልግ ያጣራል። ከዚያም ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ይፈጥራል፤ ለአንዳንዶቹም በእነርሱ ፈንታ ጥሪ የሚቀበሉ ተወካይ ክላሶችን በዚያው ሰዓት ያዘጋጃል። ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው ዋነኛ መሣሪያ ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራም የራሱን አሠራር የሚመረምርበት ዘዴ ነው።

በዚህ ላይ የጃቫ ማሽን የራሱ ባሕርይ ይጨመራል። እያንዳንዱን ክላስ መጫን፣ ትክክለኛነቱን መመርመርና ከሌሎች ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። ኮዱንም መጀመሪያ በአስተርጓሚ እያነበበ ያስኬደዋል፤ ወደ ፈጣን የማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ተደጋግሞ የሚሠራውን ክፍል ነው። በመነሻው ሰዓት ግን አብዛኛው ኮድ የሚሠራው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ይህ ማፍጠኛ ብዙም አይደርስለትም።

ፕሮግራሙ በአንድ ሰርቨር ላይ ለወራት ሳያቋርጥ የሚሠራ ከሆነ የግማሽ ደቂቃ መዘግየት አያሳስብም። ዘመኑ ግን ተለወጠ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ባስተዋወቀው ላምዳ በተባለው አገልግሎት ፕሮግራሙ ጥያቄ ሲመጣ ሊነሣ ይችላል፤ መዘግየቱንም የሚከፍለው ጠያቂው ነው። የብሔራዊ ፈተና ውጤት በኢንተርኔት ይፋ በሚሆንበት ቀን በርካታ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ጥያቄ ቢያጎርፉና ተጨማሪ የፕሮግራሙ ቅጂዎች በፍጥነት ቢያስፈልጉ፣ ለመነሣት ግማሽ ደቂቃ የሚወስድ ቅጂ የሚደርሰው ጭንቁ ከበረታ በኋላ ነው።

ማዘግየት ወይስ ማስቀደም?

የመጀመሪያው መፍትሔ ክፍሎችን በተፈለጉ ጊዜ ብቻ መፍጠር ነው። ጉስ በልማት ጊዜ አንድ ብቻ ሆነው የሚያገለግሉ ክፍሎችን ሲፈለጉ ይፈጥራል፤ ለአገልግሎት በሚዘጋጅበት ስልት ግን ሁሉንም በመነሻው ይፈጥራቸዋል። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍልን ዘግይቶ መፍጠር ወጪውን አያስቀርም፤ ወደ መጀመሪያው ተጠቃሚ ያሸጋግረዋል እንጂ። በመነሻው ሊታይ ይችል የነበረ ስሕተትም ተሰውሮ ይቆይና በሥራ መካከል ብቅ ይላል።

ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ማስቀደም ነው። አስተናባሪው ዝርዝሩን ከዋዜማው ጽፎ ቢያድር በማለዳው መዞር አያስፈልገውም። ዳገር የተባለው መሣሪያ፣ በተለይም ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሁለተኛ እትሙ፣ ክፍሎችን የሚያገናኘውን ኮድ ኮምፓይለሩ በሚሠራበት ጊዜ ጽፎ ይጨርሳል። በመነሻው ሪፍሌክሽን ስለማያስፈልገው ለአንድሮይድ ስልኮች ተስማሚ ሆኗል። ማይክሮኖት በ2018፣ ኳርከስ በ2019 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰርቨር ፕሮግራሞች አመጡት። ግራል ቪኤም ደግሞ ፕሮግራሙን በሙሉ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ በመለወጥ የመነሻውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ሊያወርደው ይችላል። ስፕሪንግም በ2022 በወጣው ስድስተኛ እትሙ ይህን መንገድ ደግፏል።

የጃቫ ማሽን ራሱም አልቦዘነም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የወጣው ጃቫ 24፣ በአንድ የሙከራ ሩጫ የተጫኑትንና የተያያዙትን ክላሶች በፋይል አስቀምጦ በሚቀጥለው መነሻ ይጠቀምባቸዋል። አዘጋጆቹ 21,000 ያህል ክላሶችን የሚጭን ፔትክሊኒክ የተባለ የስፕሪንግ ማሳያ ፕሮግራም ወስደው ለክተው፣ የመነሻው ጊዜ ከ4.486 ወደ 2.604 ሰከንድ መውረዱን አሳይተዋል። ይህም 42 በመቶ ቅነሳ ነው፤ የፕሮግራሙ ኮድ ግን አልተነካም።

ፍጥነቱ የሚጠይቀው ዋጋ

ይህ ሁሉ በነጻ አልተገኘም። በዋዜማው የተጻፈ ዝርዝር በማለዳ ለመጣ ያልታሰበ እንግዳ ቦታ የለውም። ግራል ቪኤም አስቀድሞ ያላየውን ክላስ አያውቀውም፤ በሪፍሌክሽን የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የግንባታው ጊዜም ከሰከንዶች ወደ ደቂቃዎች ይረዝማል። በስፕሪንግም ይህን መንገድ የመረጠ ሰው የትኞቹ ክፍሎች እንደሚኖሩ የሚወስነው በግንባታው ጊዜ ነው፤ በመነሻው ሰዓት ሐሳቡን መለወጥ አይችልም።

እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ማዕቀፍ ይበልጣል የሚለው አይደለም። የዝግጅቱ ሥራ አይጠፋም፤ ወይ በግንባታው፣ ወይ በመነሻው፣ ወይ በመጀመሪያው ጥያቄ ሰዓት ይከናወናል። የፕሮግራም ጸሐፊው ድርሻ ዋጋው በየትኛው ሰዓትና በማን እንደሚከፈል መወሰን ነው። ለወራት ሳይቆም ለሚሠራ ፕሮግራም የቀድሞው መንገድ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በየደቂቃው ለሚነሣው ግን አይበቃም።

አንባብያን በጃቫ የራሳቸውን ሥራ ሲሠሩ ከሁሉ አስቀድመው እንዲለኩ እንመክራለን። የጃቫ ማሽን የሚጭናቸውን ክላሶች ዘርዝሮ ያሳያል፤ ስፕሪንግ ቡትም ለመነሣት የፈጀበትን ጊዜ ራሱ ይጽፋል። መዘግየቱ ከማዕቀፉ ሳይሆን በመነሻው ከሚከፈት የዳታቤዝ ግንኙነት የመጣ ቢሆን፣ ማዕቀፉን መለወጥ ከንቱ ድካም ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ መንሥኤውን ሳያውቁ ለማፍጠን መሮጥ ራሱ ሌላ መዘግየት ይሆናል።