የእንዶድ አረፋ ወዴት ይሄዳል?

ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት ከሱቅ ገብተው ሳሙና ሲመርጡ የሚመለከቱት ምኑን ነው? ዋጋውን፣ ሽታውን፣ ወይስ በመጠቅለያው ላይ የተሳለውን አበባ? «ከተፈጥሮ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ካለበትማ ልብዎ ሳይሳብ አይቀርም። እኛ ግን ዛሬ የምናወጋዎ መጠቅለያ ስለሌለውና ከቍጥቋጦ ስለሚለቀመው ሳሙና፣ ስለ እንዶድ ነው።

እንዶድ የሱቅ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የእናቶቻችንን ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ተክል ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ደርቆም ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ሲታሽ አረፋ ይደፍቃል። ሳሙና ለመሥራት ስብ ወይም ዘይት ከሶዳ ጋር መዋሐድ አለበት፤ እንዶድ ግን አረፋውን የሚያገኘው በፍሬው ውስጥ ካለው ሳፖኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው።

«ታዲያ ከተፈጥሮ የመጣ ነገር ምን ጉዳት አለው?» ይሉ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ትል የሚያድገው በእንደዚህ ያሉ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ነውና፣ ነገሩ ለብዙ ዘመን ምርምር መነሻ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ቀንድ አውጣን የገደለ አረፋ ዓሣንም አይምርም። መድኀኒትነቱና መርዝነቱ ከአንድ ፍሬ የሚወጡ ናቸው።

ስለዚህ እንዶድ ቢያገኙ ለነጭ የጥጥ ልብስዎ ይጠቀሙበት፤ ነገር ግን ጥቂት ነገሮችን ያስተውሉ። በወንዝ ዳር ሳይሆን በሳፋ ይጠቡ፤ እጣቢውንም ከወንዝ፣ ከጕድጓድ ውሃና ከብት ከሚጠጣበት ስፍራ አርቀው መሬት ላይ ይድፉት። ዱቄቱ ዐይንን ይለበልባል፤ ቢውጡትም ይመርዛል፤ ስለዚህ ከልጆች እጅ ያርቁት፤ የምግብ ዕቃም አይጠቡበት።

ከሱቅ የሚገዙ ከሆነም ፎስፌት የሌለበትን ይምረጡ፤ ፎስፌት ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌን ያበዛል፤ አልጌውም ሞቶ ሲበሰብስ ለዓሣው የሚሆነውን አየር ይጨርስበታል። ከሚያስፈልገው በላይም አይጨምሩ፤ የአረፋ ብዛት የንጽሕና ማስረጃ አይደለም።

እንግዲህ ሳሙና ሲመርጡ «ከምን ተሠራ?» ብለው ብቻ አያብቁ፤ «እጣቢው ወዴት ይሄዳል?» ብለውም ይጠይቁ። እርስዎ ልብስ አጥበው የደፉትን ውሃ ከታች ያለው ጎረቤትዎ ይጠጣዋልና።