ለዶሮዎቻችን የትላትል መድኃኒት እንዴት እንስጥ?



በአንድ የሕፃናት የትላትል መድኃኒት እደላ ላይ አንዲት እናት ክኒኑን ለልጃቸው ከማስዋጥ ይልቅ በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩት አየሁ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ልጄስ ደህና ነው፤ ያለቁብኝ ዶሮዎቼ ናቸው» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም በካኩማ ዶሮ አረባለሁ። ራሽን ሲቀንስ እንቁላሉ ለልጅ ምግብ፣ ለሳሙናና ለከሰል መግዣ እንደሚሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ክኒኑ ለዶሮ ሲሰጥ ልጁም ዶሮዋም ይጎዳሉ። በዚህ ጽሑፍ ለዶሮ የሚሆነውን መድኃኒት በትክክል አሰጣጥ እንመለከታለን።

ዶሮ ትላትል የምታገኘው ከየት ነው?

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል። ትላትሉም እንዲሁ ነው። በዶሮዋ አንጀት ውስጥ ያለው ትል በዓይን የማይታዩ እንቁላሎች ይጥላል፤ እነርሱም ከኩሷ ጋር ይወጣሉ። እርጥበትና ሙቀት ባለበት መሬት ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ ሌላዋ ዶሮ ስትጭር ትለቅማቸዋለች። የካኩማ ደረቅ መሬትና ፀሐይ ብዙዎቹን ይገድላል። በውኃ መጠጫው ዙሪያ፣ በቧንቧ ፍሳሽ አጠገብና በማደሪያው ጥላ ሥር ግን ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። እንደ ኮሶ ያሉት ጠፍጣፋ ትሎች ደግሞ ዶሮዋ በምትበላቸው ጉንዳን፣ ጢንዚዛና ዝንብ በኩል ይተላለፋሉ።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• እየበላች ትከሳለች፤ የደረቷ አጥንት ሾሎ በእጅ ይዳሰሳል።
• በራሷ ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ ይገረጣል፤ ላባዋ ይንጨባረራል።
• የእንቁላሏ ቁጥር ይቀንሳል፤ ተቅማጥም ሊይዛት ይችላል።
• ጫጩቶች አያድጉም። ሦስት ወር ያልሞላቸው ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳሉ።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ለበዓል ዶሮ ስታርዱ አንጀቱን በረጅሙ ሰንጥቃችሁ እዩ። ትልቁ ክብ ትል ነጭ ሲሆን ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከተገኘ አብረው የሚውሉት ዶሮዎችም እንዳለባቸው ገምቱ።

ፈንግልን ከትላትል ለዩ

ትላትል ቀስ በቀስ ያከሳል እንጂ መንጋውን በጥቂት ቀናት አይጨርስም። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ አንገታቸው ከተጠማዘዘ፣ ሲተነፍሱ ካቃሰቱ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ ካስቀመጣቸው ፈንግል ሊሆን ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ ትላትል ነው ብዬ መድኃኒት ገዝቼ ስሰጥ በአራት ቀን ውስጥ ሰባት ዶሮዎች ሞቱብኝ። ገንዘቤንም ዶሮዎቼንም አጣሁ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው። ስለዚህ ፈጥናችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የታመመችውን ለዩ፤ የሞተችውን አቃጥሉ ወይም በጥልቅ ቅበሩ እንጂ ለገበያ አታውጡ።

መድኃኒቱን ስትገዙ

ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ (አግሮቬት) ስትገዙ የሚከተሉትን አረጋግጡ፦

1. ለዶሮ መሆኑ በላዩ ላይ ይጻፍ። የፍየልና የከብት መድኃኒት ለትልቅ እንስሳ የተለካ ስለሆነ በግምት ጠብታ ለዶሮ መስጠት አደገኛ ነው።
2. የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ይሁን። በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ስም የሌለው ዱቄት አትግዙ።
3. ምን ዓይነት ትል እንደሚገድል ጠይቁ። ለምሳሌ ፒፐራዚን ትልቁን ክብ ትል እንጂ ጠፍጣፋውን አይገድልም።
4. ጽሑፉን ማንበብ ካልቻላችሁ የጤና በጎ ፈቃደኛ ያንብብላችሁ።

አሰጣጡ

መድኃኒቱ የሚለካው በዶሮዋ ክብደት ነው። ዶሮዋን በዘንቢል ውስጥ አድርጋችሁ በገበያ ሚዛን መዝኑና የዘንቢሉን ክብደት ቀንሱ። ጽሑፉ ለ1 ኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚል ቢሆን፣ 1 ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ዶሮ የሚሰጠው 0.75 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ለስሌት ማሳያ ብቻ ነው፤ የምትከተሉት የገዛችሁት መድኃኒት ላይ የተጻፈውን ነው። ካነሰ ትሉ መድኃኒቱን ይለምዳል። ከበዛ ደግሞ፣ በተለይ ሌቫሚሶል የተባለው፣ ዶሮዋን ያንቀጠቅጣል፤ ሊገድላትም ይችላል።

ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን በውኃ በጥብጡ ይባላል። በካምፕ ውስጥ ግን ዶሮዎቻችን ከቧንቧው ፍሳሽ ስለሚጠጡ የተበጠበጠውን ሳይነኩት ይውላሉ። በውኃ የምትሰጡ ከሆነ ዶሮዎቹን ከማደሪያቸው ሳታወጡ፣ ገና ሲነጋ በጥላ ሥር ስጡ። በጥቂት ሰዓት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ በጥብጡ። በዚህ ሙቀት ቀን ላይ ውኃ መከልከል ግን ዶሮ ይገድላል።

ጽሑፉ በአፍ መስጠት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ጥቂት ዶሮ ላለው ሰው በአፍ መስጠት ይሻላል። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ፣ በአፏ ጎን በኩል፣ እየዋጠች መሆኑን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አጠጧት። በፍጥነት ከገፋችሁት ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ሁሉንም ዶሮዎች በአንድ ቀን ስጡ። ጎረቤት ለጎረቤት ብትስማሙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ዶሮ የአጥር ወሰን አታውቅም። አንዳንዱ መድኃኒት ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን ስለማይገድል፣ መደገም ካለበት በተጻፈው ጊዜ ድገሙ።

እንቁላሉና ሥጋው

መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ እንቁላልና ሥጋ የማይበላባቸው ቀናት በመድኃኒቱ ላይ ይጻፋሉ። የሰጣችሁበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። ቀኑ ሳይሞላ የተጣለውን እንቁላል አትብሉ፣ አትሽጡም። ስለ እንቁላል ምንም ያልተጻፈበትን መድኃኒት ለምትጥል ዶሮ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ቄቦች መጣል ከመጀመራቸው በፊት ብትሰጧቸው የሚባክን እንቁላል አይኖርም።

የቤተሰቡ ጤና

የዶሮ ክብ ትል ሰውን አይዝም፤ የልጆች ወስፋት ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዶሮን ማከም የልጅን መድኃኒት አይተካም። ከጤና ሠራተኛ የሚሰጠው የአልቤንዳዞል ክኒን ለሰው የተመጠነ ነው፤ ተቆርሶ ለዶሮ ሊለካ አይችልም። ልጁም እዚያው ፊታችን ይዋጠው። የዶሮ መድኃኒትም በምንም ዓይነት ለልጅ አይሰጥ። ልጅ በስህተት ከጠጣው ለማስታወክ ሳትሞክሩ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ አምጡት። ነፍሰ ጡር እናቶችም መድኃኒቱን ባይነኩ ይመረጣል።

የዶሮ ኩስ ግን ሰውን የሚያስቀምጡ ጀርሞች አሉት። የሚድህ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ስለዚህ ዶሮዎች ከምንተኛበት ክፍል ውጭ ይደሩ፤ ኩሱ በየቀኑ ተጠርጎ ይቀበር፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ። ምግባቸውን መሬት ላይ ከመበተን በሳህን ማቅረብ፣ የመጠጫውን ቦታ መቀያየርና ጫጩቶችን ከትልልቆቹ መለየት ትላትሉ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ይህ ካልተደረገ መድኃኒቱ ብቻውን ዋጋ የለውም።

እኚያ እናት ክኒኑን ከነጠላቸው ፈትተው ለልጃቸው አስዋጡ። በማግሥቱም አብረን ዶሮዎቻቸውን አየን፤ ሁለቱ በጣም ከስተው ነበር። ለዶሮ የተሠራውን መድኃኒት ከአግሮቬት ገዝተው ለሁሉም በልኩ ሰጡ።

ማሳሰቢያ፦ ዶሮዎቻችሁ ከታመሙባችሁ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት በየብሎካችሁ ያሉትን የጤና በጎ ፈቃደኞች አነጋግሩ። ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይመሯችኋል።