እጅ ከእሳት የሚሸሸው እንዴት ነው?

እንጀራ ስትጋግሩ ጣታችሁ ሳታስቡት የጋለ ምጣድ ይነካል። ያን ጊዜ ምን ይሆናል? እጃችሁ ወዲያው ይሸሻል። «ኧረ ተቃጠልኩ!» የምትሉት ከሸሸ በኋላ ነው። እስቲ ልብ በሉ። «እጄን ላንሣ» ብላችሁ አላሰባችሁም። ታዲያ እጅን ማን አዘዘው?

ያዘዘው ነርቭ ነው። ነርቭ እንደ ነጭ ክር ሆኖ በመላ ሰውነታችን ተዘርግቷል። አንዳንድ ሰው ነርቭን ከጅማት ጋር አንድ ያደርገዋል። አንድ አይደሉም። ጅማት ሥጋን ከአጥንት ጋር ያስራል። ደም ሥር ደም ያመላልሳል። ነርቭ ግን መልእክት ያመላልሳል።

በግ ያረደ ሰው በጀርባ አጥንቱ ቀዳዳ ውስጥ ለስላሳ ነጭ ገመድ አይቷል። ይህ ገመድ ህብለ ሰረሰር ይባላል። እኛም አለን። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያህላል። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ከአንጎል ጋር ይገናኛል። ከግራና ከቀኙ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ።

ምጣዱ ጣትን ሲያቃጥል በቆዳ ውስጥ ያለው የነርቭ ጫፍ መልእክት ይልካል። መልእክቱ በክንድ በኩል ሄዶ ህብለ ሰረሰር ይደርሳል። ህብለ ሰረሰሩ አንጎልን አይጠይቅም። እዚያው ለክንድ ጡንቻ ትእዛዝ ይሰጣል። ጡንቻው ይሰበሰባል፤ እጅም ይሸሻል። ቤት ሲቃጠል ጎረቤት ፈቃድ ለመጠየቅ ወረዳ አይሄድም። ውሃ ይዞ ይሮጣል። ወረዳው ወሬውን የሚሰማው በኋላ ነው። አንጎልም ልክ እንደዚያ ነው።

ፈጣን የሆነው ነርቭ በአንድ ሴኮንድ እስከ 100 ሜትር ድረስ መልእክት ያደርሳል። የሕመም ነርቮች ከዚህ ይዘገያሉ። ቢሆንም እጅ የሚሸሸው አንድ ሴኮንድ ሳይሞላ ነው። እንዲህ ያለው ሳይታሰብ የሚሆን ነገር ሪፍሌክስ ይባላል።

ክፍል ውስጥ አንድ አባት፣ «ዶሮ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ የምትፈራገጠው ነፍሷ ስላልወጣ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የነፍስን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። የአካሉ ነገር ግን እንዲህ ነው። አንጎሏ ከአንገቷ ጋር ተለይቷል። ህብለ ሰረሰሯ ግን ገና አልሞተም። ስለዚህ ክንፏንና እግሯን ለጥቂት ጊዜ ያዛል። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ህብለ ሰረሰር ያለ አንጎል ማዘዝ እንደሚችል ዶሮዋ ራሷ ታሳያለች።

እሾህ ሲወጋችሁ ደግሞ የሚሆነውን ተመልከቱ። የተወጋው እግር ይነሣል። በዚያው ቅጽበት ሌላው እግር ጠንከር ብሎ ይቆማል። ባይቆም ኖሮ ትወድቁ ነበር። ሁለቱንም ያዘዘ ህብለ ሰረሰር ነው። ዓይን አቧራ ሲገባበት መጨፈኑ፣ ሕፃን እንደተወለደ መጥባቱ፣ ማስነጠስም፣ ሁሉም ሪፍሌክስ ነው። የእነዚህ ትእዛዝ ግን ከአንጎል ሥር ይመጣል።

ታዲያ ነርቭ ቢሞትስ? እሳት ይነካል፤ መልእክት ግን የለም። ሕመም የለም። እጁም አይሸሽም።

የሥጋ ደዌ የሚያመጣው ይህንን ነው። የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም። በዘርም አይወርድም። በዓይን በማይታይ ጀርም የሚመጣ በሽታ ነው። ጀርሙን በ1873 በአውሮፓ አቆጣጠር ያገኘው አርማወር ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው። ጀርሙ የሚያጠቃው በተለይ ቆዳንና ነርቭን ነው።

«በሽታው ጣት ይበላል» ሲባል እንሰማለን። ሐሰት ነው። ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ቬሎር በምትባል የሕንድ ከተማ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ያክም ነበር። አንዳንዶቹ ማታ ደህና የነበረ ጣታቸው ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ነገሩ ግራ ያጋባል። ሌሊት ተጠብቆ ሲታይ ለካስ አይጥ ነው የሚበላው! ሰውዬው አያመውም፤ ስለዚህ አይነቃም፤ እጁንም አይሰበስብም። ከዚያ ወዲያ ለሕመምተኞቹ ድመት ይሰጣቸው ጀመር። ብራንድ እንዳሳየው ጣትን የሚያጠፋው ያልታወቀ ቃጠሎና ቁስል ነው። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አጥንት ድረስ ይገባል።

በሽታው ይድናል። መድኃኒቱ ከ1995 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ ይሰጣል። እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወር ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ሕመምተኛው መድኃኒት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፉ ይቀራል። ስለዚህ ከማዕድ የምናርቅበት ምክንያት የለም። ግን መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል እንጂ ቆይቶ የሞተን ነርቭ አያስነሣም። ቶሎ መታከም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? በገላ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ቦታ ይወጣል። አያሳክክም። ሲነካም አይሰማም ወይም ደንዘዝ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ዓይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ ቀስ አድርጎ ቦታውን ይንካው። የተነካበትን በጣቱ ማሳየት ካልቻለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አደራ፣ በእሳት ወይም በመርፌ አትሞክሩ!

እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው ነርቭ ይሠራ የነበረውን ሥራ በዓይኑ ይሠራል። ድስት ሲያወርድ በወፍራም ጨርቅ ይይዛል። የመጥረቢያውን እጀታና የማረሻውን እርፍ በጨርቅ ይጠቀልላል። የውሃ ሙቀት ለሌላ ሰው ያስለካል። ጫማ ያደርጋል፤ ከማጥለቁ በፊት ጠጠር እንዳይኖርበት ያራግፋል። ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በብርሃን ያያል። የደረቀ እግር ይሰነጠቃልና 20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዝፋል። ጠንካራውን ቆዳ በድንጋይ ቀስ አድርጎ ይፍቃል፤ ውሃው ሳይደርቅ ቅባት ይቀባል። ውስጥ እግሩን ራሱ ማየት ያቃተው እንደሆነ ልጁ ወይም ባለቤቱ ታይለት።